ዐቃቤ ርስት፦ ውዳሴ ለሰር ዊንስተን ቸርችል

ስማቸው በተጠራ ጊዜ ጽናት የሚታወስ፣ ድምፃቸው በተወሳ ጊዜ የመድፍ ነጎድጓድ የሚደበዝዝ፤ በመከራ ዕለት የተገኙ መከታ፣ በሸንጎ ዕለት የተመሰከረላቸው አንደበተ ርቱዕ፣ በድል ዕለት የታዩ መሐሪ፤ የንጉሥ ታማኝ፣ የሕዝብ እንደራሴ፣ የሕግ ሎሌ፤ የአበውን ርስት ተረክበው ሳያጎድሉ ለልጅ ልጅ ያወረሱ ዐቃቤ ርስት፤ እነሆ ክቡር ሰር ዊንስተን ቸርችል! በእኒህ ሰው ደጅ ብዕር ጎንበስ ብላ እጅ ትነሣለች፤ ቀለምም ከወትሮው ይልቅ ረግቶ ይፈስሳል። የታላቅ ሰው ዝክር ጥድፊያን አይወድምና በእርጋታ እንናገር፤ የክቡር ሰው ገድል ጩኸትን አይሻምና በአክብሮት እንቁም።

ትውልዳቸው ከመሳፍንት ወገን ነው። በ1867 ዓ.ም. የማርልበሮ መሳፍንት መኖሪያ በሆነው በብሌንሃይም ቤተ መንግሥት ተወለዱ። አባታቸው ሎርድ ራንዶልፍ የሸንጎ ሰው፣ እናታቸው ጄኒ ጀሮም የአሜሪካ ተወላጅ ነበሩና የአትላንቲክ ውቅያኖስ ሁለት ዳርቻዎች በአንድ ደም ተገናኙ። በወጣትነታቸው በኦምዱርማን ሜዳ ከፈረሰኞች ጋር ጋለቡ፤ በደቡብ አፍሪቃ ከቦኤሮች ግዞት አመለጡ፤ በሃያ አምስት ዓመታቸው የሕዝብ እንደራሴ ለመሆን በቁ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የባሕር ኃይል ሚኒስትር ሳሉ አጥብቀው የደገፉት የዳርዳኔልስ ዘመቻ በጋሊፖሊ ዳርቻ በደም ተደመደመ፤ ሹመታቸውም ከእጃቸው ወጣ። እርሳቸው ግን ቅሬታቸውን ይዘው ደጅ አልጠኑም፤ የሻለቃ ጦር ለመምራት ወደ ፈረንሳይ ምሽግ ወረዱ። ሹመት ያጣ ሹም በጥይት ፊት መቆምን ሲመርጥ ማየት በየትኛውም ዘመን ብርቅ ነው።

ከዓመታት በኋላ የመጣውን የምድረ በዳ ዘመናቸውን ፈጥኖ ማለፍ ግን ኃጢአት ነው። ከ1921 እስከ 1931 ዓ.ም. ድረስ ያለ መንግሥት ሥልጣን ተቀመጡ፤ ከሹመት የራቁ እንጂ ከትጋት ያልራቁ፣ በወዳጅ የተተዉ እንጂ በኅሊና ያልተተዉ፣ በገዛ ፓርቲያቸው ወንበር ላይ የተቀመጡ ባይተዋር። አውሮፓ በሰላም ስም ስትተኛ እርሳቸው ነቅተው ጠበቁ፤ መንግሥታት በተስፋ ቃል ሲደለሉ እርሳቸው የጀርመንን የጦር አውሮፕላን ይቆጥሩ ነበር። በ1931 ዓ.ም. መባቻ በሙኒክ ከተማ የቼኮዝሎቫኪያ አካል ተቆርሶ ለሂትለር በተሰጠ ጊዜ ለንደን በእልልታ ተናወጠች፤ ጠቅላይ ሚኒስትር ኔቪል ቼምበርሊንም የሰላም ባለሟል ተብለው ተወደሱ። መስከረም 25 ቀን ቸርችል በሸንጎ ተነሥተው ሰው ሁሉ ድል ያለውን ነገር ፍጹም ሽንፈት ነው ብለው ጠሩት። የገዛ ወገናቸው እንደራሴዎች በጉርምርምታ አቋረጧቸው። እውነት በዚያች ዕለት አንድ አንደበት ብቻ ነበራት ብል አጋነንህ የሚለኝ ይኖራል፤ የመሰከሩ ሌሎችም አልጠፉምና። ይሁን እንጂ የምስክሮቹ ሁሉ አፈ ጉባኤ ማን እንደ ነበረ የሚከራከር የለም።

ወግ አጥባቂነት በእርሳቸው ዘንድ የድሎት ጥበቃ አልነበረም፤ የአደራ ጥበቃ ነበር። ንጉሥን ከነዘውዱ፣ ሸንጎን ከነክርክሩ፣ ሕግን ከነዳኛው፣ ቋንቋን ከነልዕልናው የተረከበ ትውልድ ያንኑ ከነሙሉ ክብሩ የማስረከብ ዕዳ አለበት ብለው ያምኑ ነበር። ቅርስን የሚወድ ሰው ጥንቁቅ ነው፤ ነገር ግን ቅርሱ በተነካ ጊዜ ከአብዮተኛ ይልቅ የሚያስፈራ እርሱ ነው። ሂትለር ስለ እንግሊዝ ብዙ ነገር ያውቅ ይሆናል፤ ይህን ግን አላወቀም።

ሚያዝያ 30 ቀን 1932 ዓ.ም. በኖርዌይ ዘመቻ መክሸፍ ሰበብ ሸንጎው በመንግሥቱ ላይ ድምፅ ሰጠ። ውጤቱ 281 ለ200 ሆነ። በቁጥር ያሸነፉት ቼምበርሊን በክብር ተሸነፉ፤ አርባ የሚሆኑ የገዛ ደጋፊዎቻቸው ፊታቸውን አዙረውባቸው ነበርና። በሁለተኛው ቀን፣ ግንቦት 2፣ የጀርመን ሠራዊት ወደ ሆላንድ፣ ወደ ቤልጅግና ወደ ሉክሰምቡርግ ዘለቀ፤ በዚያው ምሽት ንጉሥ ጆርጅ ስድስተኛ ቸርችልን ጠርተው መንግሥት እንዲያቆሙ አዘዟቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ አምስት ነበር፤ ብዙ ሰው መሣሪያውን በሚያስቀምጥበት ዕድሜ እርሳቸው የመንግሥትን መሪ ጨበጡ።

እዚህ ላይ የልባቸው ስፋት ይታይ። የተቃወሟቸውን አላሳደዱም፤ የናቋቸውን አልናቁም። ቼምበርሊንን ከጦር ካቢኔያቸው አምስት ወንበሮች በአንዱ አስቀመጧቸው፤ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያም ቶሎ እንዲለቁ አላጣደፏቸውም። ግንቦት 5 ቀን አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር ወደ ሸንጎው በገቡ ጊዜ ከወግ አጥባቂዎች ወንበር የበዛው እልልታ የተሰማው ለተሻሩት ለቼምበርሊን እንጂ ለተሾሙት ለቸርችል አልነበረም። ሌላ ሰው ቢሆን ቂም ይቋጥር ነበር። እርሳቸው ተነሥተው ከደምና ከልፋት፣ ከእንባና ከላብ በቀር የሚያቀርቡት ስጦታ እንደሌላቸው ለሕዝባቸው አስታወቁ፤ ዓላማቸውም ድል እንደሆነ፣ ያለ ድል ሕልውና እንደሌለ ተናገሩ። መሪ ለሕዝቡ መከራን ቃል ገብቶ ፍቅሩን ሲያተርፍ ታሪክ ስንት ጊዜ አየች?

አሁን ወደ መካነ ገድላቸው እንቅረብ፤ ወደ እነዚያ የግንቦት መጨረሻ ዕለታት። ሆላንድ በአምስት ቀን ወድቃለች። የፈረንሳይ ግንባር ተሰብሯል። የእንግሊዝ ሠራዊት ጀርባውን ለባሕር ሰጥቶ በዳንኬርክ ጠረፍ ተከቧል። ከግንቦት 18 ጀምሮ የጦር ካቢኔው በዝግ ተሰበሰበ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃሊፋክስ፣ ጨዋና አስተዋይ፣ በሁሉ ዘንድ የተከበሩ ሰው፣ በሙሶሊኒ አማላጅነት የሰላም ቃል ምን ሊሆን እንደሚችል መጠየቅ እንደሚገባ አሳሰቡ። ሐሳባቸው የፈሪ ሐሳብ አልነበረም፤ የሒሳብ ሰው ሐሳብ ነበር። ሒሳቡም ትክክል ይመስል ነበር፤ አስፈሪነቱም ከዚህ የመጣ ነው።

ቸርችል ግን ከሒሳብ በላይ ያለውን አዩ። አንድ ጊዜ በዚያ የቁልቁለት መንገድ የረገጠ እግር ወደ ኋላ እንደማይመለስ፣ ተዋግቶ የወደቀ ሕዝብ ዳግም ሲነሣ ተንበርክኮ የተገዛ ግን በዚያው እንደሚቀር ተናገሩ። ግንቦት 20 ቀን፣ ቤልጅግ ትጥቋን በፈታችበት በዚያው ዕለት፣ ከጦር ካቢኔው ውጪ ያሉትን ሚኒስትሮቻቸውን ሁሉ ሰበሰቡ። ሃያ አምስት የሚሆኑ ሰዎች፣ ከሁሉም ፓርቲ የተውጣጡ፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ተቀምጠዋል። የሆነውን ሁሉ ሳይሸሽጉ ነገሯቸው፤ በዳንኬርክ የሚሆነው ምንም ይሁን ምን ውጊያው እንደሚቀጥል አስታወቋቸው። ያን ጊዜ እነዚያ የተፈተኑ ሽማግሌዎች፣ በየምርጫው እርስ በርስ ሲተጋተጉ የኖሩ ባላንጣዎች፣ ከወንበራቸው ዘለው ተነሡ፤ ወደ እርሳቸው እየሮጡ ጀርባቸውን መታ መታ አደረጉ። የሠራተኛ ፓርቲው መሪ ክሌመንት አትሊና ምክትላቸው አርተር ግሪንዉድ አስቀድመው ከጎናቸው ቆመው ነበር፤ ቼምበርሊንም በመጨረሻ ወደ እርሳቸው አዘነበሉ። በግንቦት 5 ቀን የተዘራው ምሕረት በግንቦት 20 ፍሬ ሰጠ እላለሁ። የጦርነቱ ታላቅ ውጊያ የተደረገው በዚያ ክፍል ነው ብዬም አምናለሁ፤ አንድም ጥይት አልተተኮሰበትም።

ከዳንኬርክ ጠረፍ እስከ ግንቦት 27 ድረስ 338,226 ሰዎች ተሻገሩ። የጦር መርከብና የሽርሽር ጀልባ፣ የመንግሥት መኮንንና የዓሣ አስጋሪ በአንድ ባሕር ላይ ተሰለፉ። ሕዝቡ በደስታ ሊሰክር በደረሰ ጊዜ ግን መሪው ማፈግፈግ ድል እንዳልሆነ፣ በማፈግፈግም ጦርነትን ማሸነፍ እንደማይቻል አስታወሱት፤ በዚያው ንግግር በጠረፉም በሜዳውም፣ በጎዳናውም በኮረብታውም እንደሚዋጉና እጅ እንደማይሰጡ ምለው አጸኑ።

ስለ ቃላቸው ኃይል ምን እንበል? ያ ቃል በድንገት አልፈለቀም፤ በድካም የተወቀረ ነበር። እየተንጎራደዱ ሲናገሩ ጸሐፊያቸው ድምፅ እንዳይሰማ ሆና በተሠራች የጽሕፈት መኪና ትከተላቸዋለች፤ ቃሉን በለሆሳስ ይሞክሩታል፣ ይሰርዙታል፣ ይመልሱታል። ንግግሩ ለሸንጎ ሲዘጋጅ በሙሉ መሥመር አይታተምም፤ በአጫጭር መሥመር ተሰባብሮ፣ በደረጃ በደረጃ ገባ ገባ እያለ፣ የመዝሙረ ዳዊትን መልክ ይዞ ይጻፋል። ባልደረቦቻቸውም ይህን አጻጻፍ በመዝሙር ስም ይጠሩት ነበር። ዳዊት ደግመው ላደጉ የኛ አንባብያን ይህ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ትንፋሹ የት እንደሚያርፍ፣ ቃሉ የት እንደሚወድቅ ዓይን አስቀድማ የምታይበት ጥበብ ነው። ጽሑፋቸው በሸንጎ ብቻ አልቀረም፤ አጣዳፊ ለሆነ ጉዳይ ሁሉ ዛሬውኑ ይፈጸም የሚል ትርጉም ያለው ቀይ ወረቀት እየለጠፉ የመንግሥትን ጽሕፈት ቤት ከእንቅልፉ ቀሰቀሱት።

ልዕልናቸው ከመራራ ጽዋ አላዳናቸውም። ፈረንሳይ እጅ ከሰጠች በኋላ የመርከቦቿ ኃይል በጀርመን እጅ እንዳይወድቅ ሰኔ 26 ቀን 1932 ዓ.ም. በአልጄሪያ በመርስ ኤል ከቢር ወደብ በትናንት ወዳጃቸው ላይ እንዲተኮስ አዘዙ፤ ወደ 1,300 የሚጠጉ ፈረንሳውያን ባሕረኞች ሞቱ። በማግሥቱ የሆነውን ለሸንጎው ሲያስረዱ እንደራሴዎቹ በአንድነት ተነሥተው አጨበጨቡ፤ ከወግ አጥባቂዎቹም ሙሉ ልብ ያገኙት ያን ዕለት ነበር። እርሳቸው ግን ተቀመጡና አለቀሱ። እጃቸው ያልተንቀጠቀጠ፣ ዓይናቸው ግን ያልደረቀ! ግርማ ማለት ይህ ነው።

መስከረም 5 ቀን 1933 ዓ.ም. በአክስብሪጅ፣ ከመሬት በታች ባለው የተዋጊ አውሮፕላኖች ማዘዣ ክፍል፣ የእንግሊዝን ሰማይ የሚጠብቀው ጓድ ሁሉ ወደ አየር ሲወጣ በዝምታ ተመለከቱ። በግድግዳው ላይ የተጠባባቂ ምልክት የሚሆን መብራት አልቀረም። ሌላ ምን ተጠባባቂ ኃይል አለ ብለው የጦሩን አዛዥ ኪት ፓርክን ጠየቁ፤ ምንም የለም የሚል መልስ አገኙ። ከአንድ ሳምንት በፊት፣ ጳጉሜን 2 ቀን፣ በለንደን ላይ የወረደው የእሳት ዝናም ምሥራቃዊውን ሰፈር አመድ ባደረገ ጊዜ ወደ ፍርስራሹ ሄደው ነበር። ሰዎች ባለቁበት መጠለያ ደጃፍ ሲያለቅሱ ያዩዋቸው ድሆች፣ ቤታቸው የፈረሰባቸው የወደብ ሠራተኞች፣ ይህ ሰው ያዝንልናል ብለው ተቀበሏቸው። የመሳፍንት ልጅና የጫኝ ልጅ በአንድ ሐዘን ተዋወቁ። የመደብ ጠብ ሰባኪዎች ይህን ምን እንደሚሉት አላውቅም።

ጥቅምት 30 ቀን ቼምበርሊን በሕመም አረፉ። በሦስተኛው ቀን ቸርችል በሸንጎ የተናገሩት የመታሰቢያ ቃል፣ በእኔ ፍርድ፣ ከጦር ንግግሮቻቸው ሁሉ በክብር ይበልጣል። ታሪክ በሚብለጨለጭ ፋኖስ ያለፈውን ዱካ እያነፈነፈ እንደሚደናበር፣ ዛሬ ስህተት የመሰለው ነገ እውነት ሊመስል እንደሚችል ገለጹ፤ ሟቹ በቅን ልብ ሰላምን እንደፈለጉ፣ የተታለሉትም በክፉ ሰው እንደነበር መሰከሩ። በሂትለር ጉዳይ ትክክል የነበረው ሰው በዚያው ጉዳይ የተሳሳተውን ሰው እንዲህ ሸኘው! እኔ ብያችሁ ነበር የሚል አንዲት ቃል አልተሰማችም።

ከዚያ ግንቦት 2 ቀን 1933 ዓ.ም. ደረሰ፤ ሥልጣን የያዙበት አንደኛ ዓመት። በዚያች ሌሊት የጀርመን ቦምብ የእንደራሴዎችን አዳራሽ አነደደው፤ የዘመናት ክርክር የተደመጠበት ስፍራ ወደ ጥቁር ፍርስራሽ ተለወጠ። ዳግም ስለ መሥራቱ በ1936 ዓ.ም. ጥቅምት ወር ክርክር በተነሣ ጊዜ ዘመናዊ፣ ሰፊና እንደ ግማሽ ክብ የተቀለሰ አዳራሽ ይሠራ ያሉ ነበሩ። ቸርችል እንቢ አሉ። ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት የሚተያዩበት ረዘም ያለ ቅርጹ ይመለስ፣ አባላቱንም ሁሉ አያስቀምጥ አሉ፤ አዳራሹ ሰፊ ከሆነ በዘወትር ቀን ባዶ ይሆናል፣ በታላቅ ቀን ግን የተጨናነቀ ሸንጎ የጉዳዩን ክብደት በትከሻ ለትከሻ ያሳያል ብለው አስረዱ። በ1943 ዓ.ም. የተከፈተው አዳራሽ በዚያው መልክ ታነጸ። በመግቢያው ቅስት ላይም እሳት የበላቸው ድንጋዮች እንዲቀሩ በጠየቁት መሠረት እነዚያ የተገጠቡ ድንጋዮች እስከ ዛሬ እንደራሴዎቹን ያሳልፋሉ። በነበልባል መካከል ስለ ወንበር አቀማመጥ የሚያስብ መሪ ምን ዓይነት ሰው ነው ቢባል፣ የሚዋጋለትን ነገር የሚያውቅ ሰው ነው።

ሸንጎው የነደደበት ያ ሳምንት ለእኛ ለኢትዮጵያውያንም ታላቅ ነበር። ኢትዮጵያ በተወረረች ጊዜ የምዕራብ መንግሥታት ያደረጉትን ታውቃላችሁ፤ በጄኔቫ አደባባይ የቆሙት ንጉሠ ነገሥት ብቻቸውን ቀሩ፣ በባዝ ከተማ በፌርፊልድ ቤት በስደት ተቀመጡ፣ በ1931 ዓ.ም. የቼምበርሊን መንግሥት የጣልያንን ግዛት አወቀ። ቸርችልም በወረራው ሰሞን ሙሶሊኒን ወደ ሂትለር እቅፍ እንዳይገፉት ይሰጉ ስለነበር ድምፃቸው እንደ ኋላው አልጠነከረም፤ ይህ ይታወቅ። ዳሩ ግን ሙሶሊኒ ሰኔ 3 ቀን 1932 ዓ.ም. ጦርነት ባወጀ ጊዜ ነገሩ ተለወጠ፤ በቸርችል መንግሥት ፈቃድ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሁለት ሳምንት ውስጥ በአውሮፕላን ከእንግሊዝ ተነሥተው ወደ ካርቱም አቀኑ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ ሰንደቅ ዓላማቸውን ተከሉ፤ በጎጃም በኦርድ ዊንጌት ከተመራው ጓድ ጋር፣ አምስት ዓመት ሙሉ ደማቸውን ሲያፈስሱ በኖሩ አርበኞች አጀብ፣ ሚያዝያ 27 ቀን አዲስ አበባ ገቡ።

ከአራት ቀን በኋላ፣ ግንቦት 1፣ ማለት ሸንጎው ከመንደዱ በዋዜማው፣ ቸርችል ለንጉሠ ነገሥቱ የደስታ መልእክት ላኩ፤ በፋሺስትና በናዚ እጅ ከዙፋናቸው ከተሰደዱት ሕጋውያን ነገሥታት መጀመሪያ የሆኑት በድል ለመመለስም መጀመሪያ መሆናቸውን አወሱ። በዚያን ጊዜ የኖርዌይ ንጉሥ ለንደን ነበሩ፤ የሆላንድ ንግሥት ለንደን ነበሩ፤ የፖላንድ መንግሥት፣ የነጻ ፈረንሳይ ንቅናቄ፣ ሁሉም በዚያች በምትነድድ ከተማ ተጠልለው ቀናቸውን ይጠብቁ ነበር። ቀኑ ቀድሞ የነጋው ለኢትዮጵያ ነው። ከድሉ በኋላ የእንግሊዝ ሹማምንት ያሳዩት የሞግዚትነት ጠባይ ኢትዮጵያውያንን ማስቆጣቱ እውነት ቢሆንም፣ ሁለቱ ታላላቅ ሰዎች የካቲት 10 ቀን 1937 ዓ.ም. በካይሮ ተገናኙ። በአዲስ አበባም ከማዘጋጃ ቤቱ ቁልቁል ወደ ለገሃር የሚወርደው ሰፊ ጎዳና በስማቸው ተጠራ፤ ከመንግሥት መለዋወጥ በኋላም እስከ ዛሬ ቸርችል ጎዳና ይባላል።

የጦር አለቃ በሸንጎ ፊት ተከስሶ እንደሚቆም የጦርነት ታሪክ እምብዛም አይነግረንም። ቸርችል ቆሙ። ሰኔ 14 ቀን 1934 ዓ.ም. የሊቢያዋ ቶብሩክ በወደቀች ጊዜ በገዛ ፓርቲያቸው አባል አቅራቢነት የእምነት ማጣት የውሳኔ ሐሳብ በምክር ቤቱ ቀረበ። የጀርመኑ የጦር መሪ ሮሜል ወደ ግብጽ እየገሰገሰ፣ ጃፓን በእስያ እየተስፋፋች፣ ሸንጎው ግን ሁለት ቀን ሙሉ ጠቅላይ ሚኒስትሩን መረመረ። አልከለከሉም፤ አልዘጉም፤ ጊዜው አይደለም አላሉም። ራሳቸው ተነሥተው መለሱ፤ 475 ለ25 በሆነ ድምፅም ጸኑ። በርሊን ውስጥ በዚያች ሰዓት እንዲህ ያለ ቃል የተናገረ ሰው ምን ይሆን እንደነበረ መገመት አያስቸግርም።

ከዚህም የሚልቅ አለ። በ1932 ዓ.ም. ግንቦት፣ ወረራ በሚጠበቅበት ወራት፣ የእንግሊዝ ፋሺስቶች መሪ ኦዝዋልድ ሞዝሊ ያለ ክስ ታስሮ ነበር። በ1936 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሰውየው ታምሞ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ኸርበርት ሞሪሰን ሊፈቱት ሲወስኑ ቁጣ ተነሣ፤ ሕዝብ ጮኸ፣ ሰልፍ ወጣ። ቸርችል ለስብሰባ ወደ ካይሮ ሄደው ከዚያው በላኩት ቴሌግራም ሚኒስትሩን ደገፉ፤ ሰውን ያለ ክስና ያለ ፍርድ የማሰር ሥልጣን እጅግ የሚጸየፉት፣ የአምባገነን መንግሥታት ሁሉ መሠረት የሆነ ነገር መሆኑን ጻፉ። ለጠላት ወዳጅ ለነበረ ሰው፣ በጦርነት መካከል፣ በሕዝብ ቁጣ ፊት! የዛሬዎቹ የምዕራብ መንግሥታት የሕዝብ አስተያየት መጠይቅ ሳይዙ ከቤት የማይወጡ፣ በየሳምንቱ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ የሚያዩ፣ ይህን ቴሌግራም አንድ ጊዜ ቢያነብቡት ምን ይጎድልባቸዋል እላለሁ። የግራውን ብቻ ማለቴ አይደለም፤ በስማቸው የሚምሉትን የቀኙንም ጭምር ነው።

የቤንጋል ረኃብን የሚያነሣ፣ የሕንድን ነጻነት መቃወማቸውን የሚያስታውስ ሊቅ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ጥያቄ ነው፣ ታሪክም ገና ይመረምረዋል። በግንቦት 1932 ግን ለዓለም አንድ ደጅ ብቻ ክፍት ነበር፤ ደጁንም ይዘው የቆሙት እርሳቸው ናቸው።

ሚያዝያ 30 ቀን 1937 ዓ.ም. በአውሮፓ ድል ተበሠረ። አስተውሉ፣ ቼምበርሊንን የጣለው ድምፅ ከተሰጠ ልክ በአምስተኛው ዓመት፣ በዚያው ዕለት። ለንደን በደስታ ጎረፈች፤ ንጉሡና ንግሥቲቱ በሰገነታቸው ላይ በመካከላቸው አቆሟቸው። ሦስት ወር ሳይሞላ፣ ሐምሌ 19 ቀን፣ የምርጫው ድምፅ ተቆጠረ፤ የሠራተኛ ፓርቲ 393 ወንበር አሸነፈ። ዓለምን ያዳነው ሰው በገዛ ሕዝቡ ተሻረ። በፖትስዳም ከትሩማንና ከስታሊን ጋር የጀመሩት ጉባኤ ገና አላለቀም ነበር። በዚያው ምሽት ወደ ቤተ መንግሥት ሄደው ሥልጣናቸውን አስረከቡ፤ ንጉሡ የጋርተርን ታላቅ ኒሻን ሊሸልሟቸው ቢወዱ በዚያን ጊዜ አልቀበልም አሉ። አትሊ ወደ ፖትስዳም ሄደው በባዶው ወንበር ተቀመጡ። ጦሩ ሁሉ የእርሳቸውን ስም እየጠራ የዘመተ መሪ፣ አንድ ወታደር ሳይንቀሳቀስ፣ አንድ ደጅ ሳይዘጋ፣ በወረቀት ቁጥር ወርዶ ሄደ። ለዚህ ነበር የተዋጉት፤ ይህም ሲሆን አዩ።

ኋላም አልተኙም። በ1938 ዓ.ም. በአሜሪካ በፉልተን ከተማ በአውሮፓ ላይ የወረደውን የብረት መጋረጃ ለዓለም አሳዩ፤ ብዙዎች የጦር ሰባኪ ብለው ነቀፏቸው፣ ጊዜ ግን ፈረደላቸው። በ1944 ዓ.ም. ሕዝቡ ዳግም ጠራቸው፤ በ1946 ዓ.ም. የሥነ ጽሑፍ የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው፤ በ1947 ዓ.ም. ጥቅምት ንጉሠ ነገሥታችን እንግሊዝን በይፋ ሲጎበኙ ጠቅላይ ሚኒስትሩ እርሳቸው ነበሩ።

ጥር 16 ቀን 1957 ዓ.ም. አረፉ፤ አባታቸው ከሰባ ዓመት በፊት ባረፉበት ቀን። ንግሥት ኤልሣቤጥ ልማዱን ጥሰው ለቀብር ሥርዓቱ በቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ተገኙ፤ አስከሬናቸው በቴምዝ ወንዝ ሲያልፍ የወደቡ ክሬኖች አንገታቸውን ደፉ። አስከሬኑን ካጀቡት የክብር ተሸካሚዎች መካከል በ1937 ዓ.ም. ምርጫ ያሸነፏቸው ክሌመንት አትሊ ይገኙ ነበር፤ ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነበር፣ እርጅናም አድክሟቸው ነበር።